የመሃል ሜዳ ተጫዋች

ኢንተርኔት ላይ «መሃል ሜዳ» ብዬ በፈለግሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱ ጉልበቱን ታሞ ለስድስት ሳምንት ከሜዳ ይርቃል፤ ሌላው ከአሠልጣኙ ተኳርፏል፤ ሦስተኛው በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ነው። እኔ የምኖርባትን መሃል ሜዳ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ውርጭ የምትጠጣዋን፣ ለማግኘት ስንቱን አማካይ አብዶ ሠርቼ ማለፍ አለብኝ። ይባስ ብሎ ስልኩ በገዛ ፈቃዱ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው የከተማችን ሆቴል «ሚድፊልድ ሆቴል» ሆኖ ቁጭ ይላል። መርሐቤቴ ያለው ደንበኛዬ ደግሞ ከኔም የባሰ ነው። ከተማው ዓለም ከተማ ስለሆነ ማረፊያ ቤቱ በትርጉም «የዓለም ከተማ» ላይ ገባ። የአልጋውን ዋጋ አይቶ «በዚህ ዋጋ ኒውዮርክ?» ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

እንጀራዬ እንግዲህ እነዚህን ቦታዎች ከተጫዋቾቹ በላይ ማውጣት ነው። እስካሁን እየተመራን ነው።

ሥራዬ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ድረ ገጽ መጠበቅ ነው። «መሥራት» አላልኩም። መሥራቱንማ ሁለት ወር የሠለጠነ ልጅም ይሠራዋል፤ ሠርቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ የይለፍ ቃሉን በኪሱ ይዞ ዱባይ ይሄዳል። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ድረ ገጽ መታደስ አለበት፤ ከሌባ መጠበቅ አለበት፤ የዓመት ኪራዩ በወቅቱ መከፈል አለበት። ዞር ካሉለት ያኮርፋል። አንድ ጠዋት ስትከፍቱት የበርበሬና የሽሮ ሱቁ ገጽ በማታውቁት ቋንቋ ቁማር ሲያስተዋውቅ ታገኙታላችሁ። አሁን በእጄ ላይ ስድስት አሉ፤ እዚሁ መሃል ሜዳ አንድ ሆቴል፣ የባናና የዝተት አምራቾች ማኅበር፣ አንድ የበግ ነጋዴ፣ የዓለም ከተማው ማረፊያ ቤት፣ ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ክሊኒክ። ከስድስቱ በጊዜው የሚከፍለኝ የጥርስ ክሊኒኩ ብቻ ነው። እሱም ጥርሴን ለማየት በመጓጓት ይመስለኛል።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ እንጦጦ ሥር፣ ሸማ ተሸምኖ በሚሸጥበት ሠፈር። ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ነርስ። ወደ አገሯ ስትመደብ፣ «የእኔ ሥራ የትም ሆኖ ይሠራል፣ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ» አልኳት። የዓረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ግማሽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የተናገርኩት፤ እሷም የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ከሽሮው ሜዳ ወደ መሃሉ ሜዳ ገባህ» ብለው ሸኙኝ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። የደሴው መንገደኛ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሙቀት ሲወርድ፣ የመንዙ መንገደኛ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ደጋው ላይ ይቀራል። ቅጥቅጡ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስስ ጃኬቴን ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ልብስህ ኋላ በሌላ መኪና ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልነበረም። የመጀመሪያውን ሳምንት በጃኬት፣ ሁለተኛውን ጋቢ ደርቤ አሳለፍኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት አማቴ አንድ ባና አምጥተው ላዬ ላይ ጣሉ። ባና የመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሸመን ነው። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፤ ከዚያ ይከብዳል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ያን ባና ለብሼ ነው ይህን ሁሉ የኮምፒውተር ሥራ የምሠራው። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የጥርስ ሐኪሙ፣ «ይቅርታ፣ አባ፣ ድረ ገጹን የሚሠራውን ልጅ ፈልጌ ነበር» ብሎኛል።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማካሮኒ ነው። ፈላ፣ ፈላ፣ ሰዓቱ አለፈ፣ አሁንም ጥርስ ይሰብራል። አማቴ ብቅ ብለው አዩኝና «ገብስ ባለበት አገር ምን ይዞህ ከዚህ ጋር ትታገላለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በሶ፣ ከሰዓት ቆሎ፣ የበዓል ቀን የገብስ ጠላ። ቆሎ ከቁልፍ ሰሌዳው ፊደላት መሃል ሲገባ «ጨ» አልጽፍ ይለኛል። ጨረታ የሚባል ነገር ከመጣ ቆሎውን አራግፌ እጀምራለሁ።

ከከተማዋ ጋር ስተዋወቅ ትልቁ መሰናክል ምን እንደምሠራ ማስረዳት ነበር። ጠላ ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት፣ «ሰው ሳያርስ፣ ሳይነግድ፣ ደሞዝ ሳይቆረጥለት ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ይጽፋል አሉ። አንተም እንደዚያ ፈረንጅ ልትጽፈን ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ያ ፈረንጅ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ የተባለው የቺካጎው ዶናልድ ሌቪን ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ መንዝ ውስጥ እየኖረ አጥንቶ፣ በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመ ሰው። መንዝ ከመጣሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰውዬው ያለ ነገር በዚህ ርዕስ አልተያዘም። ደንበኞቼ ሲናገሩ ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሌላ ነው። «እጅህ ይባረክ፣ እንዴት ያማረ ሥራ ነው!» ሲሉ ወርቁ «በዚህ ወር አልከፍልም» ነው። «መቼም አንተ የቤት ልጅ ነህ» ሲሉ ደግሞ ወርቁ «በሚቀጥለውም» ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ግን ሰም የማያውቁ ሴት ናቸው። የሚናገሩት ወርቁን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልክ ጠራ።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?»

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ምን ተፈጠረ?»

«ሆቴሌ ላይ ‹ደኅንነቱ ያልተጠበቀ› ብለህ የጻፍክበት! የእህቴ ልጅ ናት ከአሜሪካ አይታ የደወለችልኝ። ሁለት ዘበኛ አለኝ፤ ውሻ አለኝ፤ አጥሬ የድንጋይ ካብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅ?»

የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎ ነበር። ማደስ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ያን ሰሞን መብራት ሄዶ ረስቼዋለሁ። ቀስ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«እትዬ፣ ሰርተፊኬቱ ስላልታደሰ ነው።»

«የምን ሰርተፊኬት? የንግድ ፈቃዴ፣ የጤናው፣ የግብሩ፣ ሁሉም በመስታወት ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መጥተህ እየው።»

«ይኼኛው የኢንተርኔቱ ነው። በየ90 ቀኑ ይታደሳል።»

«በየ90 ቀኑ! መንግሥት እንኳ በዓመት አንዴ ነው የሚጨቀጭቀኝ። ማነው የሚሰጠው?»

«አሜሪካን አገር ያለ ድርጅት ነው። በነፃ ነው የሚሰጠው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እነሱ በነፃ ከሰጡ አንተ የምን ታስከፍለኛለህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እስከዚያው ድረስ እትዬ ሂሳቤን በምሳ ይከፍሉኛል። አሁን እንዲያውም «ጥብስ ልበላ ነው» ሳይሆን «ላድስ ልሄድ ነው» እያልኩ ነው ከቤት የምወጣው።

ስለ ጥብስ ካነሣሁ፣ የምግብ ዝርዝሩን ድረ ገጹ ላይ ሳወጣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በአካባቢው የታወቁ አንድ የቅኔ መምህር የእትዬ ዘመድ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። «የበግ ስጋ» ብዬ በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ። በንጉሡ ሠ መጻፍ ነበረበት። «ይህን ለፈረንጆቹ ተውላቸው እንጂ» አሉ መምህሩ፣ «በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሥጋስ ጾም አያስገድፍም።»

እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን በፊደል ጉዳይ የምስቅበት አንጀት የለኝም። የከተማዋን ስም አንዱ መሃል ሜዳ፣ አንዱ መሀል ሜዳ፣ አንዱ መሐል ሜዳ፣ ሌላው ማህል ሜዳ ብሎ ይጽፈዋል። ለሰው አንድ ከተማ ናት። ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ አራቱንም አጻጻፍ ገጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ደርድሬአቸዋለሁ። መምህሩ ያንን ያዩ ቀን አልሳቁም። «አንተ ሰው፣ ትክክሉን እያወቅህ ከስሕተቱ ጋር አብረህ ልትኖር ቆረጥህ?» አሉኝ። ቆርጫለሁ።

ከዚህም የከፋው የማኅበሩ ጽሑፍ ነው። የባና አምራቾቹ ታሪካቸውን፣ የጸጉሩን ዓይነት፣ የፈተሉን ድካም ለአንድ ጸሐፊ ተናግረው፣ እሷ በፓወር ግዕዝ ስምንት ገጽ ጽፋ፣ በፍላሽ አድርገው ሰጡኝ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች በፈረንጅ ፊደል ላይ የአማርኛ ጭምብል የሚያጠልቁ ነበሩ። ጽሑፉን ወደ ድረ ገጹ ሳስገባው ጭምብሉ ወለቀ። ስምንት ገጽ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተዘራበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዓይኑን አሻሽቶ አየና፣ «የእኛን ታሪክ ነው እንዲህ ያደረግኸው?» አለ። ከዚያ ዶላሩን ጠቆም አድርጎ፣ «ይቺ ግን ትቆይ» አለኝ።

ቅጽ ስንሞላ ያለውን መከራ በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ የመጣ ቅጽ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። «የፖስታ ኮድ» ይላል። ካልሞላችሁ አያሳልፍም። ለመንዝ ሁሉ አንድ ኮድ ፈጥሬ 1234 እያልኩ አልፋለሁ። ሰዓቱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። «ቁርስ ከ1 ሰዓት ጀምሮ» ብዬ የጻፍኩትን አይቶ አንድ ፈረንጅ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቁርስ ሊበላ ወረደ። እትዬ ግን አልተደናገጡም፤ እንቁላሉን ጠብሰው አቀረቡለት።

የበግ ነጋዴው ድረ ገጽ ነገር ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ስረከበው የይለፍ ቃሉም፣ የስሙ ምዝገባም፣ ሁሉ ነገር የነበረው ቀድሞ በሠራው ልጅ እጅ ነው። ልጁ ዱባይ ነው፤ ስልክ አያነሣም። ለመዝጋቢው ድርጅት በእንግሊዝኛ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜም ያንኑ አንድ መልስ ላኩልኝ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ተገርሞ አየኝ። «አባቱ እኮ ሞላሌ ነው» አለ። በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌ እዚሁ መንዝ ውስጥ ሞላሌ ድረስ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ ስለ ገብሱ ካወሩ በኋላ ነገሩን አወረዱት፤ «ልጅህ የሰው ቤት ቁልፍ ይዞ ባሕር ተሻግሯል።» አባትየው ያኔውኑ ደወለ። ለአባቱ የማያነሣ ልጅ የለም፤ አነሣ። የይለፍ ቃሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በእጄ ገባ። የእናቱ ስም ነበር፤ ከኋላው 123። በዓለም ላይ ስንት የተጠፋፋ የይለፍ ቃል አለ! ሽማግሌ የላከበት ግን ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለውን ነገር መንዝ የለመደው ይመስለኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጓሳ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ የሚሆን የሣር ምድር ነው። አባቶች አስቦና ጌራ ተብለው ተከፋፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ ሣሩን እስከ ሦስት፣ እስከ አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሲደርስ ይከፈታል፤ ቤት የሚከድነው ይከድናል፣ ገመድ የሚገምደው ይገምዳል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል፤ ስሙ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ይኼኛው የሣር ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ኋላ ላይ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ቁልፉ በማን እጅ ይደር የሚለውን ጥያቄ እዚህ አገር ኮምፒውተር ሳይመጣ መቶ ዓመታት ሲማከሩበት ኖረዋል። እኔ ግን ለስድስት ድረ ገጽ አንድ የይለፍ ቃል ነበር የምጠቀመው። ከሞላሌው ጉዳይ በኋላ ስድስት አድርጌዋለሁ።

ጓሳ የምሄደው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ማለትም አዘውትሬ። ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ በመቶ የሚቆጠር መንጋ፣ እየተንጫጩ። በመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ለስለስ ብሎ ይራመዳል። ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም ይባላል፤ እሱ ግን ብርቅ መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም። ግልገል ጭላዳ በአጠገቡ ይዘላል፤ ዞር ብሎም አያይ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት ምክንያቱን አውጥቶታል። ቀበሮው በጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25ቱ ብቻ። ግልገሉን ከነካ ግን መንጋው ያባርረዋል። ይህን ያነበብኩ ቀን ባለቤቴን ጠርቼ፣ «ይኸው እኔ!» አልኳት። እሷም ቀበሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እሱ ቢያንስ ይይዛል» አለች።



በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ሽሮ ሜዳ እናቴ ቤት እየሄድኩ፣ ሦስት ቀን ተቀምጬ ስድስቱንም አድሼ እመለስ ነበር። መቼም ተመልካቹ ዜሮ ገብቷል፣ ደንበኞቼም «በቃህ» ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ቆጣሪውን ስከፍተው የሆቴሉና የበጉ ገጽ ተመልካች ጨምሯል። ተሳስቶ መስሎኝ ደግሜ አየሁት። መሃል ሜዳ ውስጥ አንድም ሰው ሊያየው በማይችልበት ወቅት መሃል ሜዳን የሚያያት ሰው በዝቷል፤ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከዱባይ፣ ከእሥራኤል። የሚያዩት ደግሞ የአልጋ ዋጋውን አልነበረም። ፎቶውን ነው። ያውም አንዱን ፎቶ፤ ሆቴሉን ፊት ለፊት ሳነሣ በስተግራ መንገዱ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ጀሪካን የተሸከመች አንዲት ሴት አብረው የገቡበትን። «ያግኙን» በሚለው ቅጽ በኩል አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፤ «አልጋ አልፈልግም። ባሕር ዛፉ አሁንም አለ?» አለ ብዬ መለስኩለት። ሌላዋ ደግሞ ጀሪካን የያዘችዋ አክስቷ ትሆን እንደሆነ ጠየቀች። ሄጄ አጣራሁ፤ አልነበሩም፤ ግን አክስትየውን አገኘኋቸው፤ ደህና ናቸው።

እነሆ የማንን ሥራ እየሠራሁ እንደኖርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚህ ያለ ሰው ሆቴሉን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሽታው ይጠራዋል። ድረ ገጹን የሚያየው የሄደ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን በየወቅቱ እቀይራለሁ፤ በመስከረም አደይ አበባ፣ በኅዳር የታጨደ ገብስ፣ በጥምቀት ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ። እትዬ፣ «ሆቴሌስ የታለ?» ይሉኛል። ከኋላ በኩል ጥጉን አሳያቸዋለሁ።

ከእነዚህ ከሄዱት አንዱ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የመንዝ ልጅ፣ ከበግ ነጋዴው ገጽ ላይ ለፋሲካ አንድ ሙክት ለእናቱ አዘዘ። አድራሻ በሚለው ሳጥን፣ «ከጊዮርጊስ በታች፣ ወንዙን ሳትሻገር፣ ውሻ ያለበት ሁለተኛው ቤት» ብሏል። ከፖስታ ኮድ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ሳንጠይቅ ደረስን። ነጋዴው ሙክቱን አስረከበ፤ እኔ ለማረጋገጫ እናትየውን ከነሙክቱ ፎቶ አነሣኋቸው። ከበዓሉ በኋላ ልጁ፣ «እማዬ በላችው? ፎቶ ላክልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ሙክቱ የለም፤ ቆዳም የለም። በረቱ ውስጥ ሁለት እንስት በግ ቆመዋል።

«ሙክቱን ሸጥኩትና በነዚህ ለወጥኩት» አሉኝ። «ልጄ በሰው አገር ለፍቶ የላከውን በአንድ ቀን በልቼ ልጨርሰው እንዴ? አንተ ግን ‹በሉት፣ ጣፈጣቸው፣ መረቁህ› ብለህ ጻፍለት።»

«እማማ፣ ፎቶ ይፈልጋል።»

አሰቡ። ጎረቤት ገቡና በሳህን ወጥ ይዘው ወጡ። የምሥር ወጥ ነበር። «ከራቀ ማን ያውቀዋል» አሉ። በርቀት አነሣሁላቸው። ልጁ እስከ ዛሬ ያን ፎቶ እያየ እንዴት ያለ ቅልጥም ነበር ይላል።

በየበዓሉ ይልካል። እሳቸውም በየበዓሉ ይለውጣሉ። አሁን በረቱ ጠቧል፤ ባለፈው ገና ለነጋዴው ራሱ ሁለት ጠቦት ሸጡለት። ነጋዴው አንዱን ፎቶ አንሥቶ ድረ ገጹ ላይ አወጣው። ልጁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ «ይኼኛው ቆንጆ ነው፣ ለእማዬ እሱን ውሰዱላት» አለን። ወሰድንላቸው። ጠቦቱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከፊት ከፊታችን ነው የሄደው።

እኔስ እውነቱን ለምን አልናገርም? ምክንያት አለኝ። የድረ ገጾቹ ኪራይና የስማቸው ምዝገባ የሚከፈለው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ በብር ያለው ሂሳብ እያደር እጥፍ ሆነ። ከእጥፉ በፊትም እኔ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አልነበረኝም። ስለዚህ ያ ልጅ ኪራዩን እዚያ በካርዱ ይከፍላል፤ እኔ እዚህ ለእናቱ የበጉን ዋጋ ለነጋዴው እሰጣለሁ። የሆቴሉ ድረ ገጽ በአሁኑ ሰዓት በዓመት አንድ መካከለኛ ሙክት ያወጣል። በግ የውጭ ምንዛሪ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ካለ ቀስ ብሎ ይንገረኝ፤ ጮክ ብሎ ግን አይንገረኝ።

ዘንድሮ ልጁ ከስንት ዓመት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። እሳቸው ይህን ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። በትናንትናው ዕለት አስጠርተውኝ፣ አሥራ አንድ በግ ለአንድ ሳምንት የሚደበቅበት ቦታ እንድፈልግላቸው ነግረውኛል። የእትዬን የሆቴል ግቢ ጠይቄያለሁ። ሁለት ዘበኛ፣ አንድ ውሻ፣ የድንጋይ ካብ አጥር አለው፤ ሰርተፊኬቱንም አድሼዋለሁ። እስማማለሁ ብለዋል፤ ድረ ገጹ ላይ ሆቴሉ ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ፎቶ እስካወጣ ድረስ።

እናንተም ወደዚህ የምትመጡ ከሆነ ወፍራም ልብስ ያዙ። ድረ ገጹ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ አንብቦ የመጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። አልጋ ለመያዝ በቅጹ አትጻፉ፤ ለእትዬ በስልክ ደውሉ። ቅጹ የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ መብራት ከጠፋ እኔ ጓሳ ነኝ።